ጂአር86፦ ትራክ ላይ ዘይቱ 132 ዲግሪ ገባ፤ ጤናማው ሙቀት ስንት ድረስ ነው?

ዳላስ86

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2022 ቶዮታ ጂአር86 ነው፤ ባለ ማኑዋል ካምቢዮ፣ ምንም ያልተቀያየረበት። ዘይቱ 0ደብሊው-20 (ቁጥሩ የውፍረቱ ደረጃ ነው)፣ ኩላንቱ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ትራክ ሞድ ላይ ሳደርገው ዳሽቦርዱ የውሃውንም (የኩላንቱን ማለቴ ነው) የዘይቱንም ሙቀት በቁጥር ስለሚያሳይ የያዝኳቸውን ቁጥሮች ላስቀምጥ። ሁሉም በሴንቲግሬድ ነው፤ የውጪው አየር 36 አካባቢ ነበር።

ሃይዌይ ላይ በ110 ኪሎ ሜትር፦ ውሃ 90–93፣ ዘይት 99–103።
ትራፊክ ውስጥ ኤሲ በርቶ፦ ውሃ 97–101፣ ዘይት 104።
ጠዋት ከተነሳ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፦ ውሃ 88፣ ዘይት 58።
ትራክ ላይ በአራተኛው ዙር፦ ውሃ 105፣ ዘይት 132።

ከእነዚህ ውስጥ ጤናማው የቱ ነው፣ የሚያሰጋውስ? ጠዋት ላይ ውሃውና ዘይቱ ለምን ይህን ያህል ይራራቃሉ? ለሚቀጥለው ትራክ ቀን ኦይል ኩለር (የዘይት ማቀዝቀዣ) ልግጠም ወይስ ዘይቱን ማወፈር ይበቃል?

ቴስታታ

ወንድሜ፣ ከጻፍካቸው ቁጥሮች ውስጥ ትኩረት የሚፈልገው 132ቱ ብቻ ነው። የቀረው መኪናው በትክክል እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

ከውሃው ልጀምር። የዛሬዎቹ ስፖርት መኪኖች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍትለት ቫልቭ) በአብዛኛው ከ80 እስከ 88 ባለው መካከል መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ እየሄደ ያለ መኪና ከ88 እስከ 98 ቢያሳይ ቴርሞስታቱ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። መኪናው ሲቆም በራዲያተሩ የሚያልፍ ነፋስ ስለማይኖር ሙቀቱ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እስኪነሳ ድረስ ይወጣል። በብዙ መኪኖች ቬንትሌተሩ 95–98 ላይ በዝግታ፣ 100–105 ላይ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ትራፊክ ውስጥ በ97 እና በ101 መካከል ሲወጣና ሲወርድ ያየኸው የቬንትሌተሩን መነሳትና ማረፍ ነው። የሚያሳስበው ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

የዳላስ ሙቀትም ድርሻ አለው። ራዲያተር የሚጥለው ሙቀት በውሃውና በውጪው አየር ልዩነት ይወሰናል። ውሃው 95፣ አየሩ 20 ሲሆን ልዩነቱ 75 ነው፤ አየሩ 40 ሲገባ 55 ብቻ ይቀራል። ማለትም ያው ራዲያተር፣ ያው ቬንትሌተር፣ ከአቅሙ ሩብ ያህሉ ጠፋ። በጥር ችግር ያልታየበት መኪና በነሐሴ ትራክ ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። ስለዚህ የማታውቀው ሰው «እኔ ጋ 98 አይዘልም» ቢልህ በስንት ዲግሪ አየር እንደነዳ ጠይቀው።

አንዱን ሞዴል ከሌላው ማነጻጸርም ያሳስታል። የቢኤምደብሊው ኤን52 ሞተር ቴርሞስታቱን በኮምፒውተር ነው የሚቆጣጠረው፤ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ነዳጅ ለመቆጠብ ውሃውን 105፣ አንዳንዴም 112 ላይ ሆን ብሎ ያቆየዋል፤ ጭነት ሲበዛ ወደ 95 እና ከዚያ በታች ያወርደዋል። እዚያ 108 ማየት ሰላም ነው። አንተ ዘንድ ግን 108 ቆሞ ከታየ መፈተሽ አለበት።

መርፌ ብቻ ያለው ጌጅ ላላቸው አንባቢዎች፦ ብዙ አምራቾች መርፌውን ሆን ብለው እንዳይንቀሳቀስ ያደርጉታል። ውሃው ከ75 እስከ 110 ባለው የትኛውም ቦታ ቢሆን መርፌው መሃል ላይ ይቆማል፤ ከመሃል ለቆ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው ኮምፒውተር የሚመረመርበት) ላይ የሚሰካ ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ትክክለኛውን ቁጥር ያሳያችኋል። የውሃው በሁሉም መኪና ይነበባል፤ የዘይቱ ግን ሴንሰሩ ከሌለ ወይም ኮምፒውተሩ ካልሰጠ አይመጣም።

አሁን ወደ ዘይቱ። ዘይት ቴርሞስታት እንደሚገዛው ውሃ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ የምትነዳበትን መንገድ ይከተላል። መንገድ ላይ ከ90 እስከ 110 ድረስ የሚፈለገው ቦታ ነው። እንዲያውም ከ100 ትንሽ ማለፉ ጥሩ ነው፤ ዘይት ውስጥ የገባው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተንኖ የሚወጣው ያኔ ነው። ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድና ዘይቱ 70 ላይ የሚቀር መኪና የዘይት ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ አረፋ የሚያበቅለው እርጥበቱ መውጫ ስላጣ ነው። በዳገትና በኃይል ሲነዳ እስከ 120 ችግር የለም። ከ120 እስከ 130 ትራክ ላይ ይጠበቃል፤ ጥሩ ሲንተቲክ ዘይት ለሃያ ደቂቃ ይሸከመዋል። ከ130 ሲያልፍ ማርሽ ጨምረህ የሞተሩን ዙር አውርድና አንድ የትራክ ዙር ቀስ ብለህ ሂድ። 138–140 ከሆነ ከትራኩ ወጥተህ ወደ ፒት ግባ። ለውሃው ደግሞ 110 ላይ ቀንስ፣ 115 ላይ ውጣ።

የጠዋቱ ልዩነት ተፈጥሯዊ ነው። ውሃው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በሲሊንደሮቹ ዙሪያ እየዞረ፣ ቴርሞስታቱ ዘግቶ ወደ ራዲያተሩ ሳይወጣ ስለሚቆይ ቶሎ ይሞቃል። ዘይቱ ታች ኮፓው (የሞተሩ የዘይት ቋት) ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ለመሞቅ የውሃውን እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የውሃው ቁጥር 88 ስላለ ብቻ ሞተሩን በደቂቃ እስከ 7,000 ዙር የሚጎትት ሰው ሞተሩን ይጎዳል። ዘይቱ 60 እስኪደርስ ከ3,000 ዙር አትለፍ፣ 80 ሲገባ ሙሉውን ተጠቀም። ኢ46 ኤም3 ላይ ቢኤምደብሊው የዙር ጌጁን በመብራት ከብቦ፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ መብራቶቹን አንድ በአንድ እንዲጠፉ ያደረገው ለዚሁ ነው። ቆሞ በማሞቅም አታስብ፤ ቆሞ ሲሠራ ጭነት ስለሌለው ዘይቱ ቶሎ አይሞቅም፣ የሚበዛው ቤንዚን ደግሞ በፒስቶኑ ቀለበት እየሾለከ ዘይቱን ያቀጥነዋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተነስተህ በዝግታ ንዳ።

ዘይትና ግፊት

ቴስታታ ካለው ጋር እስማማለሁ። የሙቀቱ ቁጥር ግን ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው። ብሮንዚናውንና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማቀፊያ) ዘንጉን የሚለያቸው የዘይቱ ውፍረት ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት «132 ላይ ዘይቴ ምን ያህል ቀጥኗል?» የሚለው ነው።

0ደብሊው-20 በ100 ዲግሪ 8 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ደረጃው የሚፈቅደው ከ6.9 እስከ 9.3 ነው። ያው ዘይት 130 ሲገባ ወደ 5 ይወርዳል። 5ደብሊው-40 በ100 ዲግሪ 14 አካባቢ ሆኖ ይጀምራል፤ 130 ላይ ወደ 8 ይመጣል። እንግዲህ አስቡት፦ 5ደብሊው-40 በ130 ዲግሪ፣ 0ደብሊው-20 በ100 ዲግሪ የሚሰጠውን ያህል ውፍረት ይሰጣል። 5ደብሊው-30 በመካከላቸው ነው፤ ወደ 8 የሚወርደው 115–120 ላይ ነው። ሌላው ቁጥር ዘይቱ በ150 ዲግሪ በኃይል ሲፈጭ የሚቀረው ውፍረት ነው፤ ለባለ 20 ዘይት ዝቅተኛው 2.6፣ ለባለ 30 2.9፣ ለ5ደብሊው-40 3.5 ነው። ትራክ ለሚሄድ መኪና ዘይት ስገዛ ከጣሳው ፊት ይልቅ የምርቱን መረጃ ወረቀት ላይ ይህችን ቁጥር ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ዳላስ86፣ ከትራክ ቀኑ በፊት 5ደብሊው-30 ሙላ። በዓመት አንዴና ሁለቴ ብቻ ከሆነ የምትሄደው ያ ይበቃሃል። የቶዮታ ማኑዋሎች በከፍተኛ ፍጥነት ወይም በከባድ ጭነት ለሚነዳ መኪና ወፈር ያለ ዘይት ሊሻል እንደሚችል አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅሳሉ፤ የአንተን ገጽ ተመልከት። ዘይት ማወፈር ግን ሙቀቱን አይቀንስም፣ በትንሹ ሊጨምረውም ይችላል፤ የሚሰጥህ በሙቀቱ ውስጥ የሚቀር ውፍረት ነው። 130 ያለፈ ዘይት ከትራክ በኋላ ኪሎ ሜትሩን ሳትጠብቅ አውጣው። በዲፕስቲክ ደረጃውንም በየክፍለ ጊዜው እይ፤ እንደ አንተ ያለ ቦክሰር ሞተር (ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን የተኙ) በረጅም መታጠፊያ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ደረጃው ዝቅ ካለ ፓምፑ አየር ይስባል። ከላይኛው ምልክት ላይ መሆን አለበት፣ ሳያልፍ።

ዳላስ86

አመሰግናለሁ፣ በጣም ግልጽ ነው። በወር አንዴ ለመሄድ ነው ሐሳቤ፤ ከሆነ ኩለሩ ግድ ነው? የመኪናዬ ኤፍኤ24 ሞተር ከፋብሪካው በውሃ የሚቀዘቅዝ የዘይት ማቀዝቀዣ አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

ዘይትና ግፊት

አለው። እሱ ግን የዘይቱን ሙቀት ወደ ውሃው ነው የሚያሸጋግረው፤ ውሃው 105 ከሆነ ዘይቱን ከዚያ በታች ሊያወርደው አይችልም፣ የራዲያተሩንም ሸክም ያበዛዋል። ጠዋት ላይ ግን ይጠቅማል፣ የሞቀው ውሃ ዘይቱን ያሞቀዋል። በወር አንዴ በቴክሳስ በጋ የምትሄድ ከሆነ በአየር የሚቀዘቅዝ ኩለር ጨምር። ስትገዛ አንድ ነገር አጥብቀህ ያዝ፦ ከዘይት ፊልትሩ ሥር የሚገባው ሳንድዊች ፕሌት የራሱ ቴርሞስታት ይኑረው፣ ከ80 እስከ 85 ላይ የሚከፈት። ያለ ቴርሞስታት የገጠሙ ሰዎች በክረምት ሃይዌይ ላይ ዘይታቸው 70 ላይ ይቀርና እርጥበቱ አይወጣም። ለአንተ ኃይል 19 ረድፍ ያለው ኩለር በቂ ነው፤ 25 ረድፍ ለተርቦ ይሻላል። ከኩለሩ ፊት ነፋስ መግባቱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው መውጫ መኖሩን አረጋግጥ። ቱቦዎቹ ከሰውነቱ ጋር የሚነካኩበትን ቦታ በጎማ ሸፍን፤ ተፈግፍጎ የሚቀደድ ቱቦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኮፓውን ያራግፈዋል።

ቴስታታ

ስለ አየር መውጫው ልክ ነው። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ኤፍኬ8ን በ2017 ሲያወጣ ትራክ ላይ ውሃው እየሞቀ ኃይል ይቀንስ ነበር። በ2020 እድሳቱ የፊት መግቢያውን 13 በመቶ አስፍቶ ራዲያተሩንም አሻሽሎ የውሃውን ሙቀት እስከ 10 ዲግሪ እንዳወረደ ገልጿል። ሞተሩ ያው ነበር፤ የተለወጠው የአየሩ መንገድ ነው።

ሞተሩ ብቻ አይደለም የሚሞቀው። የ2016ቱ ሼልቢ ጂቲ350፣ ትራክ ፓኬጅ የሌለው፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ማቀዝቀዣ ሳይኖረው ስለወጣ ትራክ ላይ ውሃውና የሞተር ዘይቱ ደህና ሆነው መኪናው ኃይል ይቆርጥ ነበር። በወር አንዴ የምትሄድ ከሆነ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትህን በዓመት አንዴ ቀይር።

ከመጨረሻው ዙር በኋላም ሥራ አለ። አንድ ሙሉ የትራክ ዙር በከፍተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ከ3,000 ዙር በታች አድርገህ፣ ፍሬን ሳትነካ ንዳ። ስትቆም ዘይቱ ከ110 በታች እስኪወርድ ሞተሩን አታጥፋ፤ ኮፈኑን ክፈት። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም በቴስታታው ውስጥ የቀረው ውሃ መሞቁን ይቀጥላል፣ ከጠፋ በኋላ ቁጥሩ 5–8 ዲግሪ ሲዘል የምታየው ለዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑንም አትሳብ፣ ዲስኮቹ እሳት ናቸው፤ ማርሽ ውስጥ ተወው።

ሾላ330

ይቅርታ፣ በእናንተ ጥያቄ ልግባ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ኢ90 ቢኤምደብሊው 330አይ፣ ኤን52 ሞተር። ዳሽቦርዱ ላይ የውሃ ጌጅ ስለሌለው በኦቢዲ ነው የማየው። ከተማ ውስጥ 104–109 ያሳያል። ከሾላ ወደ ኮተቤ ዳገቱን ስጫነው 96 ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፣ እዚህ አገር አያስፈልግም» ተባልኩ። ኩላንት ሲጎድልም የቧንቧ ውሃ ነው የሚጨመረው። ከባሕር ወለል ከፍታችን ነገሩን ይለውጠዋል?

ቴስታታ

ቴርሞስታቱን እንዳታስወጣ። የጻፍካቸው ቁጥሮች ላይ ላዩን ሳየው ኤን52 እንዲሠራ የታሰበበት ናቸው፤ ዳገት ላይ ወደ 96 መውረዱ ኮምፒውተሩ ቴርሞስታቱን እያዘዘ መሆኑን ያረጋግጥልሃል። የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ጭነት ሲጨምር ሙቀቱ ይወጣ ነበር እንጂ አይወርድም።

ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ 60–70 ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ቼክ ኢንጂን መብራት በፒ0128 ኮድ ይበራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአጭሩን መዞሪያ ቀዳዳ የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው፤ ከወጣ ያ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል፣ የውሃው የተወሰነ ክፍል ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። እንዳይፈላ ተብሎ የወጣ ቴርሞስታት ዳገት ላይ ያፈላል።

ስለ ከፍታው፣ አዎ ይለውጣል፣ በሁለት መንገድ። አንደኛ፣ ክፍት ውሃ አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ነው የሚፈላው። 1.1 ባር ግፊት የሚይዝ የኩላንት ክዳን ያለው መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ንጹሕ ውሃ እስከ 122 አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል፤ አዲስ አበባ ላይ 118 አካባቢ። ልዩነቱ አራት ዲግሪ ብቻ ነው፣ ክዳኑ የሚይዝ ከሆነ። ክዳኑ ካልያዘ ግን 105 ላይ እንዲሠራ የተሠራው የአንተ ሞተር 92 ላይ ይፈላል ማለት ነው። ክዳኑ ላይ 140 ወይም 200 የሚል ጽሑፍ ታያለህ፤ 1.4 እና 2 ባር ማለት ነው። በዚያው ቁጥር ተካው፣ ከሌላ መኪና የተገኘ አትግጠም። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ ስታደርገው መፍያው ሌላ ሰባት ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ በረዶ ስለሌለ ኩላንት አያስፈልግም የሚሉት ይህንና ዝገቱን ረስተው ነው። የቧንቧ ውሃ በራዲያተሩ ቀጭን ቱቦዎች ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ አሉሚኒየሙንም ይበላል። የተጣራ ውሃ፣ የባትሪ ውሃ የሚባለውን አሲድ የሌለበት፣ ተጠቀም። የኩላንት ቀለም ደግሞ ዓይነቱን አይነግርህም፤ የተለያዩ ከተቀላቀሉ ሊረጉ ይችላሉ። ስለዚህ አሁን ያለውን ሙሉ በሙሉ አፍስሰህ ለቢኤምደብሊው የሚሆነውን አንድ ዓይነት ብቻ ሙላ።

ሁለተኛ፣ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር ቀላል ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራው ኤን52 ኃይሉም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ እርስ በርስ ይካካሳሉ። ተርቦ ያለው መኪና ግን ግፊቱን ለመሙላት ተርቦው በበለጠ ፍጥነት ይዞራል፣ የሚገባው አየር ይበልጥ ይሞቃል፣ ኃይሉ ሳይቀንስ ማቀዝቀዣው ብቻ ይደክማል። ስለዚህ እንጦጦን በተርቦ መኪና በኃይል የሚወጣ ሰው ነው ራዲያተሩን አዘውትሮ ማጠብ ያለበት፤ በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል የሚጠራቀመው አቧራና ላስቲክ ከፊት አይታይም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ኩላንቱ ለምን ይጎድላል? ጤነኛ መኪና አይጎድልበትም።

ዘይትና ግፊት

የሚጎድልበትን ለማግኘት በእጅ ፓምፕ ሲስተሙን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በክዳኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ሙላና 15 ደቂቃ ተመልከት። ግፊቱ ከወረደና ውጪ እርጥበት ካልታየ በሞተሩ ውስጥ እየሄደ ሊሆን ይችላል። የጋርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ጥርጣሬ ካለ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበትን መመርመሪያ በታንኩ አፍ ላይ አስቀምጡ፤ ቤንዚን ሞተር ላይ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። በኢ90 ላይ መጀመሪያ የማየው ግን የፕላስቲኩን ታንክ ስፌትና የቱቦዎቹን የፕላስቲክ ጫፎች ነው፤ በእርጅና ይሰነጠቃሉ፣ ስንጥቁም ሲሞቅ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ኤን52 የውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ነው፣ ቺንጋ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ድምፅ ሳያሰማ በድንገት ይቆማል። ቀይ የሙቀት መብራት ከበራ ወዲያው ዳር ይዘህ አጥፋው፤ «እዚህ ጋራዥ ድረስ» የሚባለው ርቀት ቴስታታውን ያጣምመዋል። ዕድሜው ካለፈ ፓምፑንና ቴርሞስታቱን አንድ ላይ ቀይር፣ ለሁለቱም የሚፈታው ያው ነው።

ኩላንቱን ስትቀይር አየሩ እንዲህ ነው የሚወጣው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰካ። ታንኩን እስከ ከፍተኛው ምልክት ሞልተህ ክዳኑን ዝጋ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ አብራ፤ ማሞቂያውን ወደ ከፍተኛ ሙቀት፣ ነፋሱን ወደ ዝቅተኛ አድርግ። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠህ አሥር ሰከንድ ያዝና ልቀቅ። ፓምፑ ሲነሳ ይሰማሃል፤ 12 ደቂቃ ያህል እያፈጠነና እየዘገየ አየሩን ወደ ታንኩ ይገፋል፣ ከዚያ በራሱ ይቆማል። ክዳኑን ከፍተህ ደረጃውን እይ፤ ከወረደ ሙላና አንዴ ድገመው። መኪናው ከተነዳ በኋላ ክዳኑን መክፈት ካስፈለገህ ኦቢዲው ላይ ውሃው ከ50 በታች መሆኑን ሳታይ አትንካው።